ከቦይ ባንድ ወጥቶ ለብቻ፦ «ዘፈኑን ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ይወስናል?

ጁን 14 ቀን 2022 የደቡብ ኮሪያው ቦይ ባንድ የቢቲኤስ ሰባት አባላት እራት ጠረጴዛ ከበው ሲጨዋወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቀቀ። በሉ፣ ጠጡ፣ አንዳንዶቹም አለቀሱ። ከዚያም ከእንግዲህ እያንዳንዳቸው በየግል ሥራቸው ላይ እንደሚያተኩሩ ተናገሩ። ከቪዲዮው ሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ነገሩን ሥራ የማቆም ያህል አስመሰለው። ዓለም «ተበተኑ» ብሎ ሰማ። በማግስቱ የኩባንያቸው የሃይብ አክሲዮን ሩብ ያህል ዋጋውን አጣ። ኩባንያው ቡድኑ እንዳልፈረሰ፣ የቡድኑና የግል ሥራው ጎን ለጎን እንደሚሄድ እያስረዳ ማስተባበል ያዘ።

አንድ የትርጉም ቃል ይህን ያህል ድንጋጤ የፈጠረው በከንቱ አይደለም። የቦይ ባንድ አባላት «ለጊዜው ነው» ብለው የሄዱበት መንገድ ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም። ዋን ዳይሬክሽን በ2015 «እረፍት እንወስዳለን» አለ። እረፍቱ አላለቀም። ኤንሲንክ በ2002 እንዲሁ ብሎ ለሃያ ዓመት ያህል አዲስ ዘፈን ሳያወጣ ቀረ።

ለብቻ መውጣቱ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። «ራሱ ይጽፋል ወይስ ይጻፍለታል?» የሚጽፈው እውነተኛ አርቲስት፣ የማይጽፈው የኩባንያ አሻንጉሊት ተደርጎ ይቆጠራል። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። መጻፍ አንድን ዘፋኝ ኮከብ ያደርገዋል ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው። መጻፍ ምን ይጠቅመዋል የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ «አያደርገውም» ነው። የሁለተኛው ግን ዕድሜ ልክ ይከተለዋል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃላቱን እንለይ

ቦይ ባንድ የሚባለው የወጣት ወንዶች ድምፃውያን ቡድን ነው። ባንድ ይባል እንጂ አባላቱ ብዙ ጊዜ መሣሪያ አይጫወቱም። የሚዘፍኑና የሚጨፍሩ ናቸው። ቡድኑን የሚያዋቅረው በአብዛኛው ማኔጀር ወይም ኩባንያ ነው። ዋን ዳይሬክሽን በ2010 የተፈጠረው አምስት ልጆች በእንግሊዙ ኤክስ ፋክተር የዘፈን ውድድር ለየብቻ ቀርበው፣ በግል ምድብ ማለፍ ሲያቅታቸው፣ ዳኞቹ አንድ ላይ ስላደረጓቸው ነው። የፖርቶ ሪኮው መኑዶ ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር። ልጆቹ ገና ሳይጎረምሱ ይገቡና ዕድሜያቸው ሲገፋ በሌላ ልጅ ይተኩ ነበር። ስሙ ይቀራል፣ ፊቱ ይቀየራል።

ሁለተኛው ቃል ሶንግራይተር ነው። በአማርኛ ለሁለት የምንከፍለውን ሥራ፣ የግጥሙንና የዜማውን፣ አንድ ላይ ይጠራል። ቅንብሩ የፕሮዲውሰሩ ነው። እዚህ ላይ «ጻፈ» ሲባል ግጥምም ዜማም ማለት ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስል፤ ገንዘቡ የሚከፋፈለው በዚሁ መሠረት ነው።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ኪስ

አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ንብረት አለው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቅጂው ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ፣ በሙያው ቋንቋ ማስተር የሚሉት። የድርሰቱ ገቢ ለጸሐፊዎቹና ለሙዚቃ አሳታሚያቸው ይሄዳል። የቅጂው ገቢ መጀመሪያ ወደ ቀረጻ ኩባንያው ይገባል። ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ካወራረደ በኋላ የተወሰነችው ፐርሰንት ለዘፋኙ ትደርሳለች።

አሁን ይቺን ፐርሰንት ለአምስት ክፈሏት። ከዚያ ላይ የማኔጀሩን ድርሻ አንሱ። በ1990ዎቹ የባክስትሪት ቦይዝና የኤንሲንክ ፈጣሪ የነበረው ሉ ፐርልማን በባክስትሪት ቦይዝ ውል ውስጥ ራሱን እንደ ስድስተኛ አባል አስገብቶ ነበር። ማኔጀር ሆኖ ይከፈለዋል፣ ፕሮዲውሰር ሆኖ ይከፈለዋል፣ እንደ ዘፋኝም ይካፈላል። ሁለቱም ቡድኖች ከሰሱት። ሰውየው በኋላ በሌላ ትልቅ የማጭበርበር ወንጀል 25 ዓመት ተፈርዶበት በ2016 እስር ላይ እንዳለ ሞተ።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን በተለመደው ሬዲዮ ጣቢያ ሲተላለፍ ጸሐፊው ይከፈለዋል። የዘፈነው ሰው ግን ከዚያ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ሌላ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን እንደገና ሲጫወተውም የሚከፈለው የጻፈው ነው። ስለዚህ የቦይ ባንድ አባል «መጻፍ እፈልጋለሁ» ሲል የነፍሱን ጥሪ ብቻ እየተከተለ ላይሆን ይችላል። ሒሳቡም ገብቶታል።

ዋም የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ጆርጅ ማይክል የሁለቱ ልጆች ቡድን ጸሐፊም ፕሮዲውሰርም ድምፅም ነበር። አንድሩ ሪጅሊ ደግሞ ብዙ ሰው «ምን ይሠራል?» እያለ የሚቀልድበት ጓደኛ ነበር። ሆኖም ሁለቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ አብረው የጻፉት «ኬርለስ ዊስፐር» ላይ የሪጅሊ ስም በደራሲነት ሰፍሯል። ዘፈኑ በ1984 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በጆርጅ ማይክል ስም ብቻ ነው። ሪጅሊ አልዘፈነውም። ከዚያ ወዲህ ግን ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ድርሻው ይደርሰዋል።

ጸሐፊው ሌላ፣ ኮከቡ ሌላ

ቴክ ዛት የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1996 ሲፈርስ ትንበያው ቀላል ነበር። ጋሪ ባርሎ የቡድኑን ታላላቅ ዘፈኖች የጻፈ ሰው ነው። ፒያኖ ይጫወታል፣ ይዘፍናል። «ቀጣዩ ጆርጅ ማይክል እሱ ነው» ተባለ። ሮቢ ዊሊያምስ ደግሞ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተጣልቶ የወጣ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ የሚያስቅ ልጅ ነበር። የጋሪ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈንም የመጀመሪያ አልበምም በአገሩ የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። ትንበያው የያዘ መሰለ።

ሮቢ ለብቻው ያወጣው የመጀመሪያ ዘፈን የራሱ እንኳን አልነበረም። ጆርጅ ማይክል ከዋም በኋላ የጫኑበትን የወጣት ኮከብ ምስል አውልቆ ለመጣል የጻፈው «ፍሪደም» ነው። ከቦይ ባንድ ያመለጠ ልጅ፣ ከእሱ በፊት ያመለጠ ሰው የጻፈውን የማምለጫ ዘፈን ዘፈነ። አልበሙ በ1997 ሲወጣ ብዙ አልተንቀሳቀሰም። አራተኛው ነጠላ ዘፈን «ኤንጅልስ» በዲሴምበር ወጣ። አንደኛ ሆኖ አያውቅም፤ ከፍተኛ ደረጃው 4ኛ ነው። ግን ከሰንጠረዡ አልወርድ አለ። ከወራት በኋላ የሞተ የመሰለውን አልበም ጎትቶ አንደኛ አደረገው። በ2003 ሮቢ ኔብወርዝ በተባለ ሜዳ ላይ በሦስት ምሽት ለ375,000 ሰው ዘፈነ። በዚያን ጊዜ ጋሪ ሁለተኛ አልበሙ ወድቆበት፣ ኩባንያው አሰናብቶት፣ ለሌሎች ዘፋኞች ይጽፍ ነበር።

ምን ተፈጠረ? አንድ ማብራሪያ ሮቢ የሚለው ነገር ነበረው ይላል። ድክመቱን፣ ሱሱን፣ ቂሙን ሳይደብቅ ዘፈን አደረገው፤ የጋሪ ሥራ ግን ንጹሕና ጨዋ ነበር። ሌላው ማብራሪያ ጋዜጦቹ ላይ ያተኩራል። የእንግሊዝ ጋዜጦች ሮቢን ወደዱት፣ ጋሪን መሳቂያ አደረጉት። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ሦስተኛው ግን ይበልጥ ያሳምናል። ሮቢ ጎበዝ ጸሐፊ ለመሆን አልሞከረም፤ ጎበዝ ጸሐፊ አገኘ። ጋይ ቼምበርስ የዜማውንና የቅንብሩን ክብደት ተሸከመለት። እሱ የራሱን ቃላትና ጠባይ አመጣ። ጋሪ ደግሞ መጻፍ ስለሚችል ይህን ዓይነት ሰው የመፈለግ ችግር አልነበረበትም። መቻሉ ጎዳው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዋን ዳይሬክሽን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በቡድኑ የኋለኞቹ አልበሞች ላይ በደራሲነት ብዙ ጊዜ የተመዘገቡት ሉዊ ቶምሊንሰንና ሊያም ፔይን ናቸው። ከቡድኑ በኋላ ግን ሁሉንም በልጦ የሄደው ሃሪ ስታይልስ ነው። ቢቲኤስም ከዚህ አያመልጥም። አርኤምና ሹጋ የቡድኑ ብዕሮች ናቸው። በዓለም ዙሪያ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው የግል ዘፈን ግን ጁንግኩክ በ2023 ያወጣው «ሰቨን» ነው። ጁንግኩክ በዘፈኑ ድርሰት ላይ ስሙ የለም።

ታዲያ ብዕሩ ምን ጠቀመ? የጋሪ ባርሎን ቀጣይ ምዕራፍ ማየት ነው። ቴክ ዛት ያለ ሮቢ በአራት አባላት ተመልሶ በ2006 «ፔሸንስ» የተባለ ዘፈን ይዞ ሲመጣ እንደገና አንደኛ ወጣ። ለትዝታ ብቻ የተመለሰ ቡድን የድሮ ዘፈን ይዞ ይዞራል። እነሱ ግን አዲስ ዘፈን ነበራቸው፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጋሪ ነበር። በ2010 ሮቢ ራሱ ወደ እነሱ መጣ።

ከመኑዶ የወጣው የሪኪ ማርቲን ነገር ከዚህም ይገርማል። በ1999 ሪኪ ዘፍኖት ዓለምን ያዳረሰውን «ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ» ከዴዝመንድ ቻይልድ ጋር የጻፈው ድራኮ ሮሳ ነው። ሮሳ ማነው? እሱም የመኑዶ ልጅ ነበር። ከአንድ ቡድን የወጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ መድረኩ ላይ፣ ሌላው ከዘፈኑ ጀርባ። ሁለቱም ከዚያ ዘፈን በልተዋል።

«ራሱ ጻፈው» ሲባል

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በዘፈን መግለጫ ላይ የሚሰፍር የደራሲነት ስም ሁልጊዜ የሠራውን ሰው አይናገርም። ኤልቪስ ፕሪስሊ ባልጻፋቸው ታዋቂ ዘፈኖች ላይ በደራሲነት ተመዝግቧል። የድርሻው ክፍፍል የስምምነቱ አካል ነበር። ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። አንድ ኮከብ አንድ ስንኝ ቀይሮ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ግማሹን ሠርቶ ስሙ ላይወጣ ይችላል። «ኤንጅልስ» ራሱ ይህ ጥያቄ አለበት። ሮቢ የመጀመሪያውን ረቂቅ ደብሊን ውስጥ ከአንድ አይርላንዳዊ ወጣት ጋር እንደሠራው በኋላ አምኗል። ወጣቱ 7,500 ፓውንድ ተቀብሎ ድርሻውን ለቀቀ። ስሙም ደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሌላኛው ወገን ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይቃወማል። ፍራንክ ሲናትራና ዊትኒ ሂውስተን የታወቁበትን ዘፈን በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ማንም «አርቲስት አይደሉም» አላላቸውም። እንግዲያው ከቦይ ባንድ የወጣ ልጅ ብቻ ለምን የጸሐፊነት መታወቂያ ይጠየቃል? የሚሰጡት መልስ የሚያስኬድ ነው። አድማጮቹ ወጣት ሴቶች ስለሆኑ ጣዕማቸው አስቀድሞ ይናቃል። ዘፋኙም ከዚህ ንቀት ለመውጣት «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ለማለት ይገደዳል።

ክርክሩን የሚቋጨው ግን የሥራው ዝርዝር ነው። ሃሪ ስታይልስ ዘፈኖቹን ይጽፋል፤ ብቻውን ግን አይጽፍም። ዋና ተባባሪዎቹ ኪድ ሃርፑንና ታይለር ጆንሰን ናቸው። ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አብረውት ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2023 «ሃሪስ ሃውስ» የዓመቱ አልበም ተብሎ ግራሚ ሲሸለም እነሱም ተሸልመዋል። «አዝ ኢት ዎዝ» በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 15 ሳምንት አንደኛ የቆየው ከዚሁ አልበም ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ለዓመታት መክረም፣ ሥራው የአንድ ሰው ድምፅ እንዲመስል ያደርጋል። አድማጩ «ራሱ ጻፈው» የሚለው ምናልባት ይህንን ወጥነት ሰምቶ ነው። የዋን ዳይሬክሽኑ ናያል ሆራንም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሷል። ለዋን ዳይሬክሽን ይጽፉ ከነበሩት ከጁሊያን ቡኔታና ከጆን ራያን ጋር አልተለያየም። ጊታሩን ይዞ፣ ለስለስ ባለው መንገድ ሄደ። የማያጨቃጭቅ፣ የተረጋጋ ሥራ ነው።

ያልተሳካው እንዴት አልተሳካም?

ሊያም ፔይን በ2017 ጥሩ ጀምሮ ነበር። ኤድ ሺራን በድርሰቱ የተሳተፈበት «ስትሪፕ ዛት ዳውን» በአሜሪካም በእንግሊዝም አሥሩ ውስጥ ገባ። አልበሙ ግን እስከ ዲሴምበር 2019 ዘገየ። በመሃል የወጡት ነጠላ ዘፈኖች አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። አንዱ ሂፕ ሆፕ፣ አንዱ የጭፈራ፣ አንዱ የስፓኝ ቃና ያለው። አልበሙ ሲመጣ በአገሩ 17ኛ ነበር። ለሌሎች ዘፈን የሚጽፍ ሰው በራሱ ስም ሲቆም «እኔ ማነኝ?» የሚለውን መመለስ ሊያቅተው ይችላል። ሊያም በኦክቶበር 2024 ቦነስ አይረስ ውስጥ ከሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ በ31 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ወጣት ዘፋኞችን ቀጥረው የሚያሠሩ ሰዎች ለጤናቸው ምን ኃላፊነት አለባቸው የሚለው ክርክር በርትቷል። ሥራውንና ሞቱን በአንድ መስመር አገናኝቶ መደምደም ግን ልክ አይሆንም።

ዛይን ማሊክ ሌላ ዓይነት ችግር ገጠመው። በማርች 2015 ከዋን ዳይሬክሽን ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። በ2016 የመጀመሪያ ዘፈኑም አልበሙም በአሜሪካና በእንግሊዝ አንደኛ ሆኑ። ግን መድረክ አስጨነቀው፤ ኮንሰርት እስከ መሰረዝ ደረሰ። የመጀመሪያውን የራሱን የኮንሰርት ጉዞ የጀመረው በኖቬምበር 2024 ነው። ከቡድኑ ከወጣ ወደ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። የዛሬ ዘፋኝ ዋና እንጀራው ኮንሰርት ነው፤ እሱ ዓመታት ያለዚያ ቆየ።

ሉዊ ደግሞ ነጠላ ዘፈኖቹ በሰንጠረዡ ላይ ብዙ አልቀኑትም። ተመልካቹ ግን አልተለየውም። በዲሴምበር 2020 በኢንተርኔት ላቀረበው አንድ ኮንሰርት ከ160,000 በላይ ትኬት ተሸጠ። ሬዲዮ ባይከፍትለትም የቆመ ሥራ አለው።

እዚህ ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ ሊያሳስት እንደሚችል ማስታወስ ይጠቅማል። የቢቲኤሱ ጂሚን በኤፕሪል 2023 በቢልቦርድ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ኮሪያዊ ብቸኛ ዘፋኝ ሆነ። በቀጣዩ ሳምንት 45ኛ ላይ ነበር። የተደራጁ አድናቂዎች በመጀመሪያው ሳምንት ገዝተው አንደኛ ሊያወጡ ይችላሉ። ዘፈኑ ከእነሱ አልፎ ወደ ሌላው ሰው ጆሮ መግባቱ የሚታወቀው ከሦስተኛና ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ነው።

ስሙ የማን ነው?

ለብቻ የመውጣቱ ነገር ሌላም ሥር አለው፤ ውል። የማይክል ጃክሰንና የወንድሞቹ ቡድን ጃክሰን ፋይቭ በ1975 ከቀረጻ ኩባንያቸው ከሞታውን ወደ ሌላው ኩባንያ ኤፒክ ለመሄድ ሲወስኑ አንዱ ቅሬታቸው የራሳቸውን ዘፈን እንዳይጽፉ መከልከላቸው ነበር። ሄዱ፤ ስማቸውን ግን ሞታውን አስቀረው። «ዘ ጃክሰንስ» ለመባል ተገደዱ። ማይክል ጃክሰን የመጻፍ ዕድል ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1979 የወጣው አልበሙ የሚከፈተው እሱ ራሱ በጻፈው ዘፈን ነው።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2009 ቲቪኤክስኪው የተባለው ቡድን ሦስት አባላት የ13 ዓመት ውላቸውን ተቃውመው ኩባንያቸውን ከሰሱ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ የሰባት ዓመት ጣሪያ ያለው መደበኛ ውል አወጣ። ኮሪያ ውስጥ ብዙ ቡድኖች ሰባተኛ ዓመታቸው ላይ የሚንገዳገዱት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ወንዶቹ የግዴታ ውትድርና አለባቸው።

ሃይብ የመረጠው መንገድ እንግዲህ ከዚህ ይመነጫል። ሰባቱ ልጆች ተራ በተራ ወደ ውትድርና ሲገቡ የግል አልበሞቻቸው ክፍተቱን ሞሉ። ጂን በዲሴምበር 2022 ቀድሞ ገባ፤ በጁን 2025 ሁሉም ጨርሰው ወጡ። በመሃል፣ በ2023፣ ሰባቱም ውላቸውን ለማደስ ተስማምተዋል። ብቻ መሥራት የመለያየት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ቡድኑን የማቆያ ዘዴ ሆነ። ሌሎች ኩባንያዎች ይህን መንገድ መኮረጃቸው የማይቀር ይመስላል፤ አባላቱ አንድ ጊዜ በራሳቸው ስም ከሠሩ በኋላ በቀጣዩ ድርድር ላይ ምን እንደሚጠይቁ ግን ገና አልታየም።

በጁላይ 2025 ቢቲኤሶች እንደገና ሰባት ሆነው ካሜራ ፊት ተቀመጡ። በ2026 ጸደይ አዲስ አልበም እንደሚያወጡ፣ አብረው ሊሠሩትም ወደ አሜሪካ እንደሚሄዱ ተናገሩ። በዚህኛው ቪዲዮ ላይ የትርጉም ችግር አልተነሳም።